ምዕራፍ ስድስት፦ ክረምት የሚሸፍነው ሰማይ

የሰው ዓይን የሚያየው ብርሃን እጅግ ሰፊ ከሆነው የጨረር ቤተሰብ ውስጥ ጠባብ ቁራጭ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት፣ ማለትም ፎቶን፣ የሚሸከመው ኃይል ከ2 እስከ 3 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። ኤሌክትሮን ቮልት የፊዚክስ ሊቃውንት ለጥቃቅን ቅንጣቶች የሚጠቀሙበት መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ኤሌክትሮን የአንድ ቮልት ልዩነትን ሲሻገር የሚያገኘውን ኃይል ያመለክታል። በዚህ ምዕራፍ የሚነገርለት እጅግ ከፍተኛ ኃይል ያለው ጋማ ጨረር ግን ከ100 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የሚጀምርና አብዛኛውን ጊዜ በቴራ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም በሺህ ቢሊዮኖች፣ የሚለካ ነው። አንድ ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት በመብረር ላይ ያለች ትንኝ ካላት የእንቅስቃሴ ኃይል ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ቁጥሩ ብቻውን ላያስደንቅ ይችላል፤ የሚያስደንቀው ያ ሁሉ ኃይል በአንዲት ፎቶን ላይ መታጨቁ ነው።

ፀሐይም ሆነች ሌላ ማንኛውም ኮከብ በመጋል ብቻ እንዲህ ያለ ጨረር ሊያመነጩ አይችሉም። አንድ አካል ምንም ያህል ቢግል ሙቀቱ በቅንጣቶቹ መካከል ስለሚከፋፈል፣ ለአንዲት ቅንጣት የሚደርሳት ድርሻ ከዚህ መጠን ጋር የሚወዳደር አይሆንም። ስለዚህ የጋማ ጨረር በታየበት ቦታ ሁሉ ኤሌክትሮኖችን ወይም ፕሮቶኖችን መርጦ፣ ከሌሎቹ ለይቶና ደጋግሞ እየገፋ ወደ ብርሃን ፍጥነት የሚያቃርብ አንድ የተፈጥሮ አፋጣኝ መኖሩ ይታወቃል። ሳይንቲስቶች ይህን ጨረር የሚያሳድዱት ከጨረሩ ይልቅ ለአፋጣኙ ሲሉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የፍለጋው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ በፊኛ ተሳፍሮ ከ5,000 ሜትር በላይ በወጣ ጊዜ፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩን በኤሌክትሪክ የሚሞላው ጨረር እየበረታ እንደሚሄድ መለካቱ ነበር። ከሕዋ የሚመጣውና በኋላ ኮስሚክ ጨረር የተባለው ይህ ነገር በአብዛኛው ከፕሮቶኖች የተዋቀረ መሆኑ ተደርሶበታል፤ ሄስም በ1936 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ፕሮቶን ግን የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው፣ ፍኖተ ሐሊብ ተብሎ የሚታወቀውን የከዋክብት ክምችታችንን የሚሞላው መግነጢሳዊ መስክ መንገዱን ደጋግሞ ያጣምምበታል፤ ምድር ላይ ሲደርስ የመጣበት አቅጣጫ ስለ መነሻው የሚናገረው ነገር የለም። ጋማ ጨረር በአንጻሩ ሙል አልባ በመሆኑ ከተወለደበት ቦታ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ኮስሚክ ጨረር ከየት እንደሚነሳ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ፕሮቶኑ ገና ከምንጩ አጠገብ ሳለ ከጋዝ ጋር ተላትሞ የሚወልደውን ጋማ ጨረር መፈለግ ይኖርበታል ማለት ነው።

ችግሩ ይህ ጨረር ብርቅ መሆኑ ነው። በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ካሉት ደማቅ ምንጮች ዋነኛው ክራብ ኔቡላ ቢሆንም፣ ከእርሱ የሚመጡት ከአንድ ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ የሆኑ ፎቶኖች በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በዓመት ስድስት ያህል ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጠቀው ፌርሚ ሳተላይት ያለው የመቀበያ ስፋት ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም ስለማይርቅ ዝቅተኛ ኃይል ላለው ጋማ ጨረር ድንቅ መሣሪያ ሆኖ ሳለ በዚህኛው ክልል አቅም ያንሰዋል። በሌላ በኩል ከባቢ አየር ጋማ ጨረርን ስለሚያግድ ምድር ላይ ተቀምጦ በቀጥታ መቀበል አይቻልም፤ ይህም ለሕይወት በረከት፣ ለአስትሮኖሚ ግን እንቅፋት ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሲታይ ቆይቷል። መፍትሔው የተገኘው አየሩን እንደ መጋረጃ ማየት ቀርቶ የመሣሪያው አካል ተደርጎ መቆጠር ሲጀምር ነው።

አንዲት ጋማ ፎቶን ከባቢ አየር ውስጥ ገብታ ከአንድ የአየር አቶም እምብርት አጠገብ ስትደርስ ወደ ሁለት ቅንጣቶች ትለወጣለች፤ አንደኛው ኤሌክትሮን፣ ሁለተኛው ደግሞ ፖዚትሮን የሚባለው የኤሌክትሮን ተቃራኒ ነው። እነዚህ በሌሎች አቶሞች አጠገብ ሲያልፉ አቅጣጫቸው እየታጠፈ አዲስ ጋማ ፎቶኖችን ያወጣሉ፤ አዲሶቹም በተራቸው ጥንድ ይወልዳሉ፤ ኃይሉ ተከፋፍሎ እስኪያልቅም መርባቱ ይቀጥላል። የቅንጣት ዶፍ ሊባል የሚችለው ይህ ሂደት አንድ ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ላላት ፎቶን ከባሕር ወለል በላይ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል፤ ቅንጣቶቹም መሬት ሳይነኩ አብዛኞቹ ይጠፋሉ።

ቅንጣቶቹ ቢጠፉም ብርሃናቸው ይቀራል። ብርሃን በአየር ውስጥ ሲጓዝ በባዶ ሕዋ ካለው ፍጥነት በጥቂቱ ስለሚዘገይ፣ የዶፉ ኤሌክትሮኖች በአየር ውስጥ ብርሃንን ቀድመው መሮጥ ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ ሶቪየታዊው ፓቬል ቼሬንኮቭ እ.ኤ.አ. በ1934 የገለጸውንና ኢልያ ፍራንክና ኢጎር ታም ምክንያቱን ያብራሩትን ሰማያዊ ፈዛዛ ብርሃን ያመነጫሉ። ሦስቱም በ1958 የኖቤል ሽልማቱን ተጋርተዋል። ብርሃኑ ከአንድ ዲግሪ ብዙም በማይሰፋ ሾጣጣ ቅርጽ ወደ ታች ወርዶ፣ መሬት ላይ ሲደርስ 120 ሜትር ያህል ሬዲየስ ያለው ክብ ይሸፍናል፤ የሚቆየውም ለጥቂት ናኖ ሰከንዶች፣ ማለትም ለጥቂት የሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍሎች ነው። በዚህ ክብ ውስጥ በየትኛውም ስፍራ የቆመ ቴሌስኮፕ ዶፉን ሊያይ ይችላል። በሳተላይት አንድ ካሬ ሜትር የነበረው የመቀበያ ስፋት በምድር ላይ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ካሬ ሜትሮች የሚለካ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስፋቱን የሚሰጠው መስታወቱ ሳይሆን አየሩ ነው።

ይህ ብርሃን ለተመረጡ ቦታዎች ብቻ የሚዘንብ አይደለም። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በገበዝ ማርያምና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር የበቆሎና የጤፍ ማሳዎች ላይ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ሁሉ ያርፋል። እንግሊዛዊው ፓትሪክ ብላኬት እ.ኤ.አ. በ1948 ባቀረበው ስሌት መሠረት ኮስሚክ ጨረር በአየር ውስጥ የሚያመነጨው የቼሬንኮቭ ብርሃን ከጠቅላላው የሌሊት ሰማይ ብርሃን ውስጥ ከአሥር ሺህ አንዱን እጅ ያህል ይይዛል። ሰማዩ የቱንም ያህል ቢጠራ ዓይን ሊያየው አይችልም፤ ምክንያቱም ዓይን ብርሃንን የሚያጠራቅምበት ጊዜ ከብልጭታው ዕድሜ በሚሊዮኖች እጥፍ ስለሚረዝም ብልጭታው በሰማዩ የዘወትር ፍካት ውስጥ ይዋጣል።

ፈጣን የብርሃን መቀበያ ላለው ሰው ግን ነገሩ ቀላል ሊሆን እንደሚችል በ1953 ጋልብሬዝና ጀሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር ሀርዌል ውስጥ አሳይተዋል። መሣሪያቸው 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት፣ በመስታወቱ ትኩረት ላይ የተሰካ አንድ ብርሃን አጉሊ ቱቦ፣ እንዲሁም ሁለቱን ከጎን ከሚመጣ ብርሃን ለመከለል ያገለገለ የቆሻሻ መጣያ በርሜል ነበር። በርሜሉን ወደ ሰማይ አዙረው በየጥቂት ደቂቃው የሚመጡ ብልጭታዎችን መዘገቡ። ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ የሚፈስበት የሳይንስ ዘርፍ በቆሻሻ በርሜል መጀመሩ በትላልቅ ፕሮጀክቶች ሰነዶች ውስጥ እንደ ቀልድ ብቻ መጠቀሱ አግባብ አይመስልም፤ ትክክለኛ ጥያቄ የያዘ ሰው ርካሽ መሣሪያ እንደሚበቃው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራልና።

ብልጭታ ማየት አንድ ነገር ሲሆን የጋማ ጨረር ምንጭ ማግኘት ሌላ ነው። ፕሮቶኖችም አየር ውስጥ ገብተው ተመሳሳይ ዶፍ የሚፈጥሩ ሲሆን፣ ቁጥራቸው ከጋማ ፎቶኖች በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጣል። በአሪዞና በሆፕኪንስ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 የተተከለው ባለ 10 ሜትር ዊፕል ቴሌስኮፕ ለሃያ ዓመታት ያህል አስተማማኝ ምንጭ ሳያገኝ የቆየው በዚህ ምክንያት ነበር። ቁልፉ የተገኘው ብልጭታውን ከመቁጠር ይልቅ ምስሉን ማንሳት ሲጀመር ነው። ማይክል ሂላስ በ1985 በኮምፒውተር ባደረገው ስሌት የጋማ ዶፍ ምስል ቀጭንና ሞላላ እንደሚሆን፣ የምስሉም ረጅሙ ዘንግ ወደ ምንጩ እንደሚያመለክት አሳየ፤ የፕሮቶን ዶፍ ግን በየደረጃው የሚበታተኑ ቅርንጫፎች ስላሉት ምስሉ ሰፊና የተዘበራረቀ ይሆናል። ትሬቨር ዊክስና ባልደረቦቹ 37 ቱቦዎች ብቻ በነበሩት ካሜራ ይህን መለያ ተጠቅመው አብዛኞቹን ፕሮቶኖች ከጣሉ በኋላ፣ ክራብ ኔቡላ በ1989 የመጀመሪያው የተረጋገጠ ምንጭ ሆኖ ወጣ።

ቀጣዩ እርምጃ አንዱን ዶፍ በብዙ ቴሌስኮፖች ከተለያየ አቅጣጫ ማየት ነበር፤ ሁለት ዓይኖች ርቀትን እንደሚገምቱ ሁሉ የምስሎቹ ዘንጎች የሚገናኙበት ነጥብ የምንጩን አቅጣጫ በትክክል ይሰጣል። በአፍሪካ ምድር ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው በናሚቢያ በኮማስ ደጋማ ቦታ፣ በጋምስበርግ ተራራ አጠገብ፣ ከዊንድሆክ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘውና በቪክቶር ሄስ ስም የተሰየመው የሄስ ቴሌስኮፖች ጣቢያ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ቴሌስኮፖች 120 ሜትር ጎን ባለው አራት ማዕዘን ጥግ ጥግ ላይ ተተክለው በ2003 መጨረሻ በአንድነት ሥራ ጀመሩ። እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 380 ያህል ክብ መስታወቶች፣ በ15 ሜትር ርቀት ላይ የተሰቀለ ባለ 960 ቱቦ ካሜራ፣ እንዲሁም 16 ናኖ ሰከንድ ብቻ የሚረዝም የማንሻ ጊዜ አላቸው። ቀን ቀን ካሜራው መጠለያው ውስጥ ገብቶ ይዘጋበታል፤ የሌሊትን ፍካት ለመቁጠር የተሠራ ቱቦ የፀሐይ ብርሃን ቢያርፍበት አይተርፍም። መስታወቶቹ ግን ጣሪያ የላቸውም። በ2012 በመካከላቸው የተጨመረው አምስተኛው ቴሌስኮፕ 28 ሜትር ስፋትና 614 ካሬ ሜትር የመስታወት ወለል ያለው ሲሆን፣ ዝቅተኛ ኃይል ያላቸውን ደካማ ዶፎች ለመያዝ የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ መጠየቁ የማይቀር ጥያቄ አለ። ፍኖተ ሰላም የምትገኝበት ከፍታ 1,900 ሜትር ገደማ ሲሆን ቡሬ ከ2,000 ሜትር በጥቂቱ ትበልጣለች፤ የጎጃም ገጠር ሌሊትም ከከተማ መብራት የራቀ ነው። ከፍታና ጨለማ ከሆነ መመዘኛው፣ ምዕራብ ጎጃም ከናሚቢያ በምን ያንሳል? መልሱ ያለው በወቅቶች ውስጥ ሲሆን፣ ይህን ለመረዳት የሰማዩን ካርታ ከዝናቡ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል በኢትዮጵያ ሐሳበ ከዋክብት ቀውስ በሚባሉት ከዋክብት አቅጣጫ፣ ከአቅራብ ጎን ይገኛል። በውስጡ እጅግ የበለጸጉት የጋማ ምንጮችም በዚሁ ሰፈር ይታያሉ። ይህ ሰፈር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ከአድማስ በላይ ከፍተኛው ቦታው ላይ የሚደርሰው በሰኔ አጋማሽ ሲሆን፣ ናሚቢያ ውስጥ ያን ጊዜ ደረቁ ወቅት ስለሆነ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ማዕከሉም አናት ላይ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያልፋል። በጎጃም ግን ሰኔ የክረምት መግቢያ ነው፤ እስከ መስከረም ያለው ሌሊት በደመናና በዝናብ የተያዘ በመሆኑ አንድ የቼሬንኮቭ ቴሌስኮፕ ተዘግቶ ከመክረም ሌላ አማራጭ አይኖረውም። በተጨማሪም ከ10 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ሲታይ ማዕከሉ ከአናት ወደ ደቡብ 40 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ስለሚያልፍ፣ የዶፉ ብርሃን ረዘም ያለ የአየር መንገድ ተሻግሮ ተዳክሞ ይደርሳል። ክራብ ኔቡላ ግን ሠውር በሚባሉት ከዋክብት ውስጥ ያለ በመሆኑ በታኅሣሥ መጀመሪያ እኩለ ሌሊት ላይ ከአናት 11 ዲግሪ ብቻ ርቆ ያልፋል፤ ታኅሣሥም በጎጃም የጥሩ ሰማይ ወር ነው። የጎጃም በጋ እንግዲህ የሚገልጠው ከማዕከሉ ተቃራኒ ያለውን፣ ምንጭ የሳሳበትን የሰማይ ወገን ነው። ስለ ቴሌስኮፕ ቦታ ምርጫ ሲወራ ከፍታ ብቻ መነሳቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ዋናው ጉዳይ ሰማዩ የሚጠራበት ወር የሚፈለገው ሰማይ ከሚወጣበት ወር ጋር መገጣጠሙ ነው።

ናሚቢያ ይህ ግጥምጥም ስለነበራት የሄስ ቴሌስኮፖች ከ2004 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት 2,700 ሰዓት ያህል የፍኖተ ሐሊብን ጠለል ቃኝተው፣ በ2018 የታተመው ዝርዝራቸው 78 ምንጮችን ይዞ ወጣ። ማንነታቸው በእርግጠኝነት የታወቁት 31 ሲሆኑ ከእነዚህም 12ቱ የፑልሳር ነፋስ ኔቡላዎች ናቸው። ፑልሳር ማለት በፈነዳ ግዙፍ ኮከብ እምብርት የሚቀር፣ በፍጥነት የሚሽከረከርና ጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ ያለው የኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው የኤሌክትሮኖች ነፋስ በዙሪያው ካለው ቁስ ጋር ሲጋጭ ቅንጣቶቹ ይፋጠናሉ። ክራብ ኔቡላ ራሱ የዚህ ወገን ነው፤ ቻይናውያን እ.ኤ.አ. በ1054 በቀን ብርሃን ሲበራ ያዩት ፍንዳታ ቅሪት ሲሆን፣ በ6,500 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለው ፑልሳሩ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከተቀሩት መካከል የሱፐርኖቫ፣ ማለትም የኮከብ ፍንዳታ፣ ቅሪቶች፣ ሁለቱም ባሕርይ የተቀላቀለባቸውና ጥንድ ከዋክብት ይገኛሉ፤ ኤል.ኤስ. 5039 የተባለው ጥንድ በ3.9 ቀን ዑደት የጋማ ብርሃኑ እየጨመረና እየቀነሰ መታየቱ አንዱ ሌላውን ሲዞር የሚሆነውን በሰዓት ለመከታተል አስችሏል።

በአቅራብ ከዋክብት መካከል የሚገኘው አር.ኤክስ. ጄ1713 የተባለ የሱፐርኖቫ ቅሪት ግን ብዙ ያከራከረ ስለሆነ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። በ2004 የታተመው ምስሉ በዚህ ኃይል ቅርጹ ተለይቶ የታየ የመጀመሪያው የሱፐርኖቫ ቅሪት ሲሆን፣ እየሰፋ የሚሄደው የፍንዳታ ሞገድ ቅንጣቶችን እንደሚያፋጥን አሳይቷል። ጥያቄው የተፋጠኑት የትኞቹ ናቸው የሚለው ነው። ፕሮቶኖች ከሆኑ ከጋዝ ጋር ተላትመው ፓዮን የሚባሉ አጭር ዕድሜ ያላቸው ቅንጣቶችን ይወልዳሉ፤ ፓዮኖቹም ፈርሰው ጋማ ጨረር ይሆናሉ። ኤሌክትሮኖች ከሆኑ ደግሞ በዙሪያቸው ያለውን ደካማ ብርሃን ገጭተው ወደ ጋማ ኃይል ከፍ ያደርጉታል። ሁለቱም መንገዶች አንድ ዓይነት ፎቶን ስለሚሰጡ፣ የምስሉ ውበት ብቻውን የኮስሚክ ጨረርን መነሻ አይፈታም፤ ክርክሩም በዚህ ቅሪት ላይ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በ2016 ከፍኖተ ሐሊብ ማዕከል የቀረበው ማስረጃ ይበልጥ ያመዝናል፤ 26,000 የብርሃን ዓመት ርቆ ከሚገኘው፣ አራት ሚሊዮን ፀሐዮችን ያህል ከሚመዝነው ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ ካሉት የጋዝ ደመናዎች የወጣው ጋማ ጨረር፣ በዚያ ሰፈር ፕሮቶኖች እስከ ሺህ ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት እንደሚፋጠኑ አመልክቷል።

የሚለዋወጡ ምንጮች ደግሞ የቦታ ጥያቄውን መልሰው ያነሱታል። አር.ኤስ. ኦፊዩኪ የተባለው፣ በየአሥርና ሃያ ዓመቱ የሚፈነዳ ኖቫ፣ ማለትም በድንገት የሚበራ ኮከብ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 8 ቀን 2021 ሲበራ የሄስ ቴሌስኮፖች በማግስቱ ዞረውበት ለአንድ ወር ያህል ተከታትለውታል፤ ከኖቫ የመጣ እንዲህ ያለ ጋማ ጨረርም ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በጎጃም ያ ቀን የክረምቱ ዝናብ እኩሌታ ነበር።

ዝናብ የማያግደው ሌላ ዘዴም አለ። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የዶፉ ቅንጣቶች ራሳቸው ሳይጠፉ መሬት ስለሚደርሱ፣ በጨለማ ገንዳ ውስጥ ባለ ውኃ ሲያልፉ የሚፈጥሩትን የቼሬንኮቭ ብርሃን በመቁጠር ቀንም ሌሊትም፣ በደመናም በጨረቃም መሥራት ይቻላል። በሜክሲኮ በሴራ ኔግራ አጠገብ በ4,100 ሜትር ላይ የተተከሉት 300 የውኃ ታንከሮችና በቻይና ሲቹዋን በ4,410 ሜትር ላይ ያለው ላሶ የተባለው ጣቢያ በዚህ መንገድ ይሠራሉ፤ ላሶ በ2021 በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ 12 ምንጮችን ከመቶ ቴራ በላይ በሆነ ኃይል ለይቶ፣ ሲግነስ ከሚባሉት ከዋክብት አቅጣጫ 1,400 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ያላት ፎቶን መዝግቧል። ከፍታው በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም፤ የጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ ላሊበላ አጠገብ ያለው አቡነ ዮሴፍም እንዲሁ። ሆኖም ጮቄ የዓባይ ገባር ወንዞች ምንጭ የሆነ፣ ሰዎች የሚያርሱትና ከብት የሚያሰማሩበት ተራራ በመሆኑ፣ የቁጥር መገጣጠም ብቻውን ለምንም ዓይነት ግንባታ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬ ያለው የሥነ ፈለክ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ2004 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲና በእንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ በተተከሉት ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ሲሆን፣ የአዲስ አበባ መብራት ስለሚያስቸግራቸው ለተሻለ ጣቢያ የላሊበላ ተራሮች ታስበዋል። እነዚህ የሚሰበስቡት ተራ ብርሃን እንጂ ጋማ ጨረር አይደለም፤ ለጋማ ምንጮች ጥናት ግን ተራው ብርሃን የሚሰጠው አገልግሎት አነስተኛ አይደለም፤ አንድ ጥንድ ኮከብ ወይም ኖቫ በጋማ ሲታይ በዚያው ሌሊት በዓይን በሚታይ ብርሃን ምን ያህል እንደደመቀ ሳይታወቅ የፍንዳታው ኃይል ወዴት እንደሄደ ማስላት አይቻልም። የሰዓት ልዩነቱም ይጠቅማል፤ ምሥራቅ አፍሪካ ከናሚቢያ አንድ ሰዓት ከግማሽ ገደማ፣ ማጂክ የተባሉት ቴሌስኮፖችና የወደፊቱ የቼሬንኮቭ ቴሌስኮፕ አሬይ ሰሜናዊ ክፍል ከሚገኙባት የላ ፓልማ ደሴት ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ቀድሞ ይመሻል፤ በምሥራቅ በኩል የሚቀርበው ጣቢያ በሕንድ ላዳክ ሃንሌ ላይ በ2024 የተመረቀው ባለ 21 ሜትር ቴሌስኮፕ ነው። በመካከሉ ያለው ሰፊ የምድር ክፍል ተከታታይ ምልከታ የሚቋረጥበት ክፍተት ነው።

ለቀውስና ለአቅራብ ሰፈር ጎጃም ያላት ዕድል ሁለት ጠባብ መስኮቶች ናቸው። አንደኛው በሚያዝያ አጋማሽ፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ፣ ማዕከሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በደቡብ በኩል ከፍ ሲል ሲሆን፣ ሁለተኛው በመስከረም ማብቂያ ሰማዩ እንደጠራ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማዕከሉ ሲመሽ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ስለሚሆን ለመልካም ምልከታ የሚተርፈው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።